ውሃ የምቀዳው ከእነሱ ጋር ነው

ጥር 2006 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የሁለት ሰዓት መንገድ ወደሚርቅ ገጠር ሰርግ ልቀርጽ ሄድኩ። የሰርግ ቪዲዮ እንጀራዬ ነበር። ቀለበት ሲያደርጉላት ካሜራዬን ወደ ሙሽራዋ ጣት አስጠጋሁ። ቀለበቱ ሰፍቷት እንዳይወልቅ በውስጥ በኩል ነጭ ክር ተጠምጥሞበታል። ቀና ብዬ ፊቷን አየሁት፤ ከአሥራ አራት ዓመት አትበልጥም። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት እንደሆነ አውቅ ነበር። ዳሱ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹም ያውቁ ነበር። ቀረጻዬን ጨረስኩ፣ የቀረበልኝን በላሁ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ ወደ ከተማ ተመለስኩ። ኤዲት ሳደርግ ያንን ክር ደጋግሜ ካየሁት በኋላ ቆርጬ አወጣሁት። ለባለ ሰርጎቹ በሰጠኋቸው ዲቪዲ ላይ የለም።

በማኅበራዊ ጉዳዮች ላይ ፊልም ልሥራ ብዬ የተነሣሁት በዚያ ሰሞን ነው። ይህን የምጽፈው ዛሬ ካሜራ ለሚያነሱ ወጣቶች ነው። ስለ ካሜራ ዓይነትና ስለ ሌንስ ብዙ አልናገርም፤ ያንን ከማንም ትማሩታላችሁ። እኔ የምነግራችሁ ሰው ጎድቼ የተማርኩትን ነው።

ዕቁብ ደርሶኝ ያገኘሁትን ገንዘብ በሙሉ ካሜራና ሌንስ ላይ አዋልኩት። ለድምፅ የተረፈኝ ብር ርካሹን የልብስ ማይክሮፎን ብቻ የሚገዛ ነበር። የመጀመሪያዋ ባለታሪኬ ዓባይ ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ በልጅነቷ ተድራ ሸሽታ የመጣች እናት ነበረች። ማይክሮፎኑ እንዳይታይ ብዬ ነጠላዋ ሥር ሰካሁት። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አላደረግኩም፤ የድምፁ ምልክት በካሜራው መስኮት ላይ ሲዘል ካየሁ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ሁለት ሰዓት አወራችኝ። ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገረችኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳዳምጠው፣ በተነፈሰች ቁጥር ጨርቁ ከማይክሮፎኑ ጋር እየታሸ ቃሏን ይውጠዋል። በማግስቱ ሄጄ እንድትደግምልኝ ለመንኳት። «ወንድሜ፣ አንዴ ለመናገር ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አታውቅም» አለችኝ። አልደገመችውም፤ ልትደግመውም አይገባም ነበር።

ስለዚህ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ድምፅ ላይ አውሉት። ደብዘዝ ያለ ምስል ተመልካች ይታገሣል፤ የማይሰማ ቃል ግን ማንም አይታገሥም። ማይክሮፎኑን ከነጠላው በላይ አድርጉት፣ ቢታይም ይታይ። ማዳመጫ ከጆሯችሁ አይለይ። ሰው ማናገር ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቤቱን አዳምጡት፤ ወፍጮ ቤት በአቅራቢያው አለ? ባጃጅ የሚመላለስበት መንገድ ነው? የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ በስንት ሰዓት ይከፈታል? የሚያማችሁን ነገር ሁለት ጊዜ እንድትናገሩ ብትጠየቁ ምን እንደሚሰማችሁ አስቡት።

ቀጥሎ የመጣው የደብዳቤ ጉዳይ ነው። የትብብር ደብዳቤ ከክልል ቢሮ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይጻፋል፤ በየደረጃው ማኅተም፣ በየደረጃው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለ። ይህ መንገድ ያደክማል እንጂ አይዘለልም። ያለ ደብዳቤ ገጠር ገብታችሁ ብትያዙ እናንተ በአንድ ቀን ትወጡ ይሆናል፤ ያነጋገራችኋቸው ሰዎች ግን ለወራት ይጠየቃሉ። ደብዳቤው ላይ የምትሠሩትን በግልጽ አጽፉ፣ ብዙ ቅጂ ያዙ። ድሮን ለማብረር የሚያስፈልገው ፈቃድ ሌላ ነው፤ ከትብብር ደብዳቤው ጋር አታምታቱት።

እኔ የተሳሳትኩት ደብዳቤውን ከያዝኩ በኋላ ነው። የቀበሌው ሰው ከእኔ ጋር በመኪና መጥቶ፣ ሴቶቹን ሰብስቦልኝ፣ አጠገቤ ተቀመጠ። እኔም ሥራዬ ስለቀለለ ደስ አለኝ። ሁሉም አንድ ቃል ተናገሩ፤ «ያለ ዕድሜ ጋብቻ ድሮ ነበር፣ አሁን ቀርቷል» አሉ። ቃሉ የተነገረው ለእኔ አልነበረም፣ ከጎኔ ለተቀመጠው ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤዬን ለቀበሌ አስገብቼ፣ አመስግኜ እመለሳለሁ። ከቀናት በኋላ ብቻዬን፣ በእግሬ፣ ካሜራ ሳልይዝ እመጣለሁ። ሦስት ጊዜ ቡና ሳልጠጣ ካሜራ ከቦርሳ አላወጣም። በሦስተኛው ቡና ላይ የምትሰሙት ታሪክ በመጀመሪያው ቀን ከሰማችሁት ጋር ጨርሶ አይገናኝም።

በ2009 ዓ.ም. የፊልሜን ዋና ባለታሪክ አገኘኋት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፣ ማታ ማታ ትማራለች። በአሥራ አራት ዓመቷ ተድራ በአምስተኛው ወር ጠፍታ መጣች። እሑድ እሑድ አሠሪዋ ስለምትፈቅድላት ያን ቀን እንቀርጻለን። እናቷ ዘንድም ወሰደችኝ። እናትየዋ ልጇን ለምን እንደዳረች ምንም ሳትደብቅ ነገረችኝ፤ ባሏ እንደሞተ፣ በመሬቱ ላይ ዘመድ እንደተነሣባት፣ አማች ማግኘት አጥር ማግኘት እንደነበር። «ያኔ ልጄን ያዳንኳት መስሎኝ ነው» አለች። ስለ ጎጂ ልማድ ስንት ፖስተር አይቻለሁ፤ አንዱም ላይ ይህ ቃል አልነበረም። ፊልሙን ፊልም ያደረገው እሱ ነው። ደግሞም በኋላ አደጋ ላይ የጣላት እሱ ነው።

ልጅቱ ፊቷ እንዳይታይ ጠየቀችኝ። እሺ አልኳት። ከጀርባ ቀረጽኳት፣ እጆቿን ቀረጽኳት፣ መስኮት ላይ ጥላዋን ቀረጽኩ። የፈቃድ ወረቀት አስፈረምኳት። ዕድሜዋ ገና ስለነበር እናቷንም በጣት አሻራ አስፈረምኩ። ሕጋዊውን ሁሉ የጨረስኩ መሰለኝ። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በእውነተኛ የጠለፋ ታሪክ ላይ የተመሠረተው «ድፍረት» የተሰኘ ፊልም በምርቃቱ ምሽት በፍርድ ቤት እገዳ ሲቆም ዜናውን ሰምቼ ነበር። የታሪኩ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ያኔ በየቦታው ይነሣ ነበር። እኔ ግን የትልልቅ ፊልሞች ጣጣ አድርጌ አሳለፍኩት።

ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ፊልሙ በከተማችን በአንድ አዳራሽ ተመረቀ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሰው አለቀሰ፣ ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔም አለቀስኩ። ያን ሌሊት በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከተመልካቾቹ አንዱ በስልኩ ቀርጾት የነበረ ስድስት ደቂቃ ያህል ቁራጭ ከስልክ ወደ ስልክ መዞር ጀመረ። በሳምንቱ መንደሯ ደረሰ። ፊቷ አይታይም። ግን ድምፅዋን ያልቀየርኩት «ስሜቱ ይጠፋል» ብዬ ነበር። የቤታቸው የቆርቆሮ በር አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ በአንድ በኩል በዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ተጠግኗል፤ ውብ ሆኖ ስለታየኝ አሥራ አንድ ሰከንድ ያህል በቅርበት ይዤዋለሁ። በዚያ አካባቢ እንደዚያ ያለ በር አንድ ብቻ ነው። አንድ ሰው ለመታወቅ ፊት አያስፈልገውም።

ልጅቱ ስልኳን ዘጋች። አሠሪዋም ቤቷን ለቅቃ እንደሄደች ነገረችኝ። እናትየዋ ዘንድ ሄድኩ። ዳቦና ስኳር ይዤ ነበር፤ እጄ ላይ ምን ያህል እንደከበደኝ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። በሩ ላይ ቆማ ተቀበለችኝ እንጂ ግባ አላለችኝም። የቀድሞው አማች ቤተሰብ ሽማግሌ ሰብስበው «ስማችንን አጠፋሽ» ብለዋታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ዕድሜዋ ያልደረሰች ልጅ ያገባን፣ ልጅቱ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። የልጇን ዕድሜ በገዛ አፏ የተናገረችበት ቃል ደግሞ በሰው ሁሉ ስልክ ላይ ነው። ይቅርታ ጠየቅኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና እንዲህ አለችኝ፦

«ልጄ፣ አንተ ፊልምህን ይዘህ ሄድህ። እኔ ግን ውሃ የምቀዳው ከእነሱ ጋር ነው።»

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ ለዚህ ቃል መልስ ለመስጠት ነው ብል አልዋሸሁም። በየመንደሩ የሚቀረጽ ሰው ውሃ የሚቀዳው፣ ለቅሶ የሚደርሰው፣ እሳት የሚጫጫረው ከማን ጋር እንደሆነ ሳታውቁ ካሜራ አትክፈቱ። እኛ ከምርቃቱ በኋላ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ለእነሱ ቤታቸው እዚያው ነው።

ፊልሙን ከማሳየት አቆምኩ። በሌላ ከተማ ልናሳየው ተነጋግረን የነበረውን ሰረዝኩ፣ የተቀበልኩትን ቅድሚያ ክፍያም መለስኩ። ከሁለት ወር በኋላ ልጅቱ ራሷ ደወለች። ሌላ ቤት ሥራ አግኝታለች፣ ትምህርቷንም አላቋረጠችም። ፊልሙን እንደማጠፋው ነገርኳት። «ጋሼ፣ ማጥፋቱን ማን ጠየቀዎት?» አለችኝ። «እኔ እኮ እንዲታይ ነው የተናገርኩት። እኔን ሳያዩኝ እንዲያዩት ነው የፈለግኩት።»

ሦስት እሑድ ከኮምፒውተሩ ፊት ከልጅቱና ከአንዲት የሙያ ባልደረባዬ ጋር ሆነን ተቀመጥን። ሴት የድምፅ ባለሙያ አብራን እንድትሠራ ያደረግኩት በዚህ ጊዜ ነው፤ ከመጀመሪያው ባደርገው ኖሮ ልጅቱ ለእኔ ለወንዱ ያልነገረችኝን ብዙ ነገር ቀድማ ትነግረን ነበር። ልጅቱ የሚወጣውን በጣቷ እያሳየች ትነግረናለች። እኔ አደገኛ ነው ብዬ የፈራሁትን «ይኼ ምንም አይደለም» ትላለች፤ እኔ ያላየሁትን ታስቆማለች። በሩ ይውጣ አለች፤ ያንን ጠብቄ ነበር። ከበስተጀርባ የቆመችው ቀንዷ የተሰበረ ላም ትውጣ አለች። እናቷ ስትጣራ የምትለው አንድ ቃል ነበር፣ የቁልምጫ ስም፤ «ይህን የምትለው እሷ ብቻ ናት» ብላ አስወጣችው። የእሷንም የእናቷንም ቃል ሌላ ሴት እንድታነብ ተስማማን። እጆቿን ግን አላስወጣችም። ምጣድ ላይ ሊጥ ስታዞር የሚታዩትን እጆቿን ቀረብ ብላ አየቻቸው። «እነዚህ የማንም ሴት እጆች ናቸው፤ ይቆዩ» አለች።

እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የፊልሙ አዘጋጅ ነኝ ስል ኖሬ፣ አዘጋጅነት ምን እንደሆነ በዚያች ልጅ ጣት ነው ያየሁት።

አሁን የምሠራበት መንገድ ይህ ነው። ፈቃድ ሁለት ጊዜ እጠይቃለሁ፤ አንዴ ከቀረጻ በፊት፣ አንዴ ሰውየው ወይም ሴትየዋ የተቀናበረውን ካዩ በኋላ። የሁለተኛው ፈቃድ እስኪገኝ ምርቃት አይታሰብም፤ ይህንንም ገንዘብ ለሚሰጡኝ አስቀድሜ እነግራለሁ። ወረቀቱን ከማስፈረሜ በፊት ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ከዚያም «በጣም የሚጠላዎት ሰው ይህን በስልኩ ቢያየው ምን ያደርጋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ አይበልጥም። ፊት ከመሸፈን በተጨማሪ ድምፅን፣ አካሄድን፣ በርን፣ ከብትን፣ ጥልፍን፣ ከሩቅ የሚታይ ተራራንና ደብርን አንድ በአንድ አያለሁ። የባለታሪኮቼ ስምና ስልክ ከቀረጻው ጋር በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አይቀመጥም። ለቃል ገንዘብ አልከፍልም፤ ከእኔ ጋር በመዋሏ የቀረባትን የቀን ገቢ ግን እከፍላለሁ። ጉልት የምትቸረችር ሴት ለሦስት ሰዓት ከገበያ ስትቀር ለእሷ ቀላል አይደለም።

በመካከሉ ገንዘብ ጨረስኩ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ለአንድ ድርጅት በትእዛዝ ፊልም ሠራሁ። በእርሻ ሥራ ላይ የተሠማሩ ሴቶችን የሚመለከት ነበር፣ እኔም ልቤን ሰጥቼ ሠራሁት። ሲያልቅ የሴቶቹ ቅሬታ ያለበት ክፍል ተቆርጦ፣ መጨረሻው በምስጋና እንዲዘጋ ተደረገ። ጥሬ ቀረጻውንም በሃርድ ዲስክ አስረከብኩ። ከዓመት በኋላ ያነጋገርኳት አንዲት ሴት ምስል በማላውቀው ማስታወቂያ ላይ ወጣ። ለመከራከር ሳስብ ነው ሕጉን ያነበብኩት። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በትእዛዝ ለተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለቤቱ ያዘዘው ወገን ነው። እኔ የፈረምኩት ውል ሁለት ገጽ ነበር፤ ስለ ገንዘብና ስለ ማስረከቢያ ቀን እንጂ ስለ ጥሬ ቀረጻ አንድ መስመር አልነበረውም።

በትእዛዝ መሥራት ነውር አይደለም፤ ብዙዎቻችን የቤት ኪራይ የምንከፍለው በዚያ ነው። ነገር ግን ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር አስጽፉ፦ ጥሬ ቀረጻው ማን ዘንድ እንደሚቀር፣ ምስሉ ከዚህ ፊልም ውጭ ያለ ባለታሪኩ ፈቃድ እንደማይውል፣ እናንተ ያልተስማማችሁበት ለውጥ ከተደረገ ስማችሁ ከፊልሙ ላይ እንደሚነሣ። እኔ ይህን መጠየቅ ከጀመርኩ በኋላ የሸሸኝ አንድ አሠሪ ብቻ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት አዳራሹም ሰርጉም አንድ ላይ ቆመ። ከባድ ዓመት ነበር። ካሜራዬን ልሸጥ ገዢ አግኝቼ ነበር፤ ዋጋው ላይ ስላልተስማማን ቀረ እንጂ ዛሬ ሌላ ሥራ ላይ እሆን ነበር። ያን ጊዜ ማለዳ ማለዳ ሐይቁ ዳር እየሄድኩ ከዓሣ አጥማጆች ጋር እቀመጥ ጀመር። ሳይታሰብ ቀጣዩ ፊልም የተወለደው እዚያ ነው።

ጣና ላይ እንቦጭ የተባለው የውሃ አረም መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ነው። እኔ ስለ እንቦጭ ፊልም ልሥራ ብዬ ስነሣ ያየሁት ሐምራዊ አበባውን ነበር። በፎገራ በኩል ባለው ዳርቻ የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፍኩት አበባውን በመቅረጽ ነው። ያመኑኝ አንድ አረጋዊ ዓሣ አጥማጅ አይተው አይተው፣ «ልጄ፣ ና እስቲ ይህን ያዝ» ብለው መረባቸውን ሰጡኝ። ለመሳብ ሞከርኩ፣ አልነቃነቅም አለኝ። ዓሣ አልነበረም። ውሃ የጠጣ እንቦጭ ነው፤ ሥሩ እንደ ጥቁር ጢም በመረቡ ዓይኖች ሁሉ ገብቶ ተጠላልፏል። አንድ በአንድ እየነቀሉ መረቡን ሲያጸዱ ረፋዱ አለፈ። መጨረሻ ላይ ሁለት ቆሮሶና አንድ ትንሽ አምባዛ ወጣ። የፊልሙ መክፈቻ እሱ ሆነ፤ ያለ ምንም ንግግር፣ እጅና መረብ ብቻ፣ አራት ደቂቃ።

ሐይቅ ላይ ለምትቀርጹ አንዳንድ ነገር ልንገራችሁ። ጣና ማለዳ ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። የምትፈልጉትን ሁሉ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ ዓሣ አጥማጆቹ «እንውጣ» ሲሏችሁ አንድ ምስል ብቻ ቀረኝ አትበሉ። የደንገል ታንኳ ከውሃው ብዙም ከፍ አይልም። ካሜራችሁ ከማዕበሉ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው፤ ለዓይን እጅግ ያምራል፣ ለመሣሪያ ግን አደጋ ነው። ታንኳው ራሱ ውሃ ይመጥጣል፣ ሲሰነብት ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ ስለዚህ አዲስ የታሠረውን ወይም ደርቆ የዋለውን ለምኑ። ትራይፖድ እዚያ ላይ አይሆንም፣ ካሜራውን ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ ከቀዛፊው ጋር አብራችሁ ተወዛወዙ። ሜሞሪ ካርዱ ሲሞላ ከውሃ ላይ አትቀይሩ። አንድ ካርድ ለጣና ገብሬያለሁ፤ የአንድ ሙሉ ማለዳ ሥራ ነበረበት።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያውን ቅንብር ለዓሣ አጥማጆቹ ራሳቸው ዳርቻው ላይ አሳየኋቸው። ነጭ አንሶላ በሁለት ዛፎች መካከል ወጥረን፣ ፕሮጀክተር ተውሰን፣ ጄነሬተሩን ጫጫታው እንዳይረብሽ ከሩቅ አቁመን በረዥም ገመድ አመጣን። ልጆችና ሴቶች ሁሉ መጡ። እንደ አዳራሹ ጭብጨባ አልነበረም፤ በየመካከሉ እየተነሡ ይከራከሩ ነበር። አንዱ ወጣት ግን አልተከራከረም። ሲያልቅ ለብቻዬ ጠራኝና «ያቺ በሁለተኛው ክፍል ያለችው መረብ የተከለከለች ናት፤ ጀልባዋም የኔ መሆኗ ይታወቃል» አለኝ።

እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። ዓሣው የሚያልቀው በእንቦጭ ብቻ አይደለም። በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች የሚወጡት ዓሦች የወንዞቹ አፍ ላይ ይያዛሉ፤ ዓይኑ ጠባብ መረብ ጫጩቱን ሳይቀር ይጠርጋል። ይህን ብሰርዘው ፊልሙ ይዋሻል። ጥፋቱን ሁሉ አረም ላይ ጭኖ ሰውን ነጻ የሚያወጣ ፊልም ለሐይቁ አይጠቅምም። ስለዚህ ነገሩን አስቀርቼ ጀልባዋን አወጣሁ። የተከለከለውን መረብ ከአሸዋ ላይ፣ ባለቤቱ በማይታወቅበት ሁኔታ እንደገና ቀረጽኩት፣ ለምን እንደሚጠቀሙበትም አረጋዊው በራሳቸው አንደበት ተናገሩ፤ «የልጅ ሆድ ሕግ አያነብም፤ ግን የነገው ዓሣ የልጃችንም ነው» አሉ። ሰውን መጠበቅና እውነትን መደበቅ አንድ አይደሉም። ልዩነቱን በየፊልሙ እንደገና መፈለግ አለባችሁ፤ ቀመር የለውም።

ስለ ፌስቲቫልና ስለ ገንዘብ ድጋፍ ብዙ ስለምትጠይቁኝ ባጭሩ ልናገር። አዲስ አበባ የሚካሄደው አዲስ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ለዘጋቢ ፊልም ቦታ ይሰጣል፤ ናይሮቢ ያለው ዶኩቦክስ የምሥራቅ አፍሪካ ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎችን ይደግፋል፤ የአምስተርዳሙ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል የገንዘብ ድጋፍ፣ አይዲኤፍኤ በርታ ፈንድም፣ ከአፍሪካ ማመልከቻ ይቀበላል። እኔ አራት ጊዜ ተከልክያለሁ። ለአምስተኛው ማመልከቻውን መጀመሪያ በአማርኛ ለእናቴ እንደማወራ አድርጌ ጻፍኩት፣ ከዚያ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ተረጎመልኝ፤ ያ ነው ያለፈው። የትርጉም ጽሑፍ ላይ አትሰስቱ፤ የባሕር ዳርን ንግግር ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ፊልማችሁን ፌስቲቫሎች ሳያዩት ዩቲዩብ ላይ አትጫኑ፤ ብዙዎቹ ቀድሞ የወጣ ፊልም አይቀበሉም። ሰርግ መቅረጽም አታቁሙ። እኔ ዛሬም እቀርጻለሁ፤ ነገር ግን ቀብድ ከመቀበሌ በፊት ሙሽራዋን ራሷን አነጋግራለሁ።

የዚያች ልጅ ፊልም አዲሱ ቅንብር አልቆ ለመታየት የቀረው አንድ ሰው ነበር። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ላፕቶፑን በሙሉ ባትሪ ይዤ፣ ከልጅቱ ጋር እናቷ ዘንድ ሄድን። በዚህ ጊዜ ግቡ አለችን። ላፕቶፑን መደቡ ላይ አስቀመጥነው፣ ልጅቱ ከአጠገቧ ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላ ቆምኩ። እናትየዋ የራሷ ቃል በሌላ ሴት ድምፅ ሲነገር ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። በሩ የሚታይበት ቦታ ሲደርስ ጎንበስ ብላ ማያው ላይ ተጠጋች።

«ይህ በር የእኔ አይደለም» አለች።

«አይደለም፣ እናቴ» አልኳት።

«የማን ነው?»

ሌላ ሰው እንዳይጠረጠርበት ብዬ ከባሕር ዳር ማዶ ሄጄ የቀረጽኩት የሟች አያቴ ቤት በር ነበር፤ ዛሬ ማንም አይኖርበትም። ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞር ብላ «ተነሺ እንጂ፣ ቡናውን ቁዪ» አለቻት፤ ለእኔም ከመደቡ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።